በምራቴ አፍ የተናገርኩት ውሸት

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ሳለሁ፣ ውሸት ዋሸሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለልጄ አልነገርኩትም። ጸሎት ቤት ቆሜ ስመሰክር እንኳ ሌላ ሌላውን አወራሁ እንጂ ይህን አላወጣሁም። ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ የነፍስ አባት አለው፤ የከበደውን ሄዶ ያራግፋል። እኛ ጴንጤዎች ዘንድ የነፍስ አባት የለም። ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፤ ግን እሱ ቀድሞም ያውቀዋል፤ ለሚያውቅ መንገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? ስለዚህ አንተ የምታነበው ስማኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄ ሞፈር እንጂ ብዕር አልለመደም። ቃል ብስት እለፈው። ነገሩን ግን አትለፈው።

አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሌንሴ አልሞተችም። ይህ የሞት ወሬ አይደለም፤ የድል ወሬ ነው። ሞት በራችን ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ባዶ እጁን የመለሰው ግን እኔ አይደለሁም። እኔ በር ከፋቹ ነበርኩ።

ሰው ኦቦ ደገፋ ይለኛል። ከሸነን ከተማ ወጣ ብሎ ድንችና ገብስ የማመርት ሰው ነኝ። የቤታችን ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። እኔ ግን በጎልማሳነቴ ጊንጪ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ሰባት ዓመት ሠርቼ አማርኛን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። ኦሮምኛ የማይሰማ እንግዳ፣ መሐንዲስም ይሁን የከብት ሐኪም፣ ሸነን በመጣ ቁጥር «ደገፋን ጥሩት» ይባላል። እኔም ጋቢዬን ደርቤ እሄዳለሁ። የሰው ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ጠብታ ሳይፈስብኝ አሻግራለሁ እል ነበር። እኔ! ይህን እል የነበርኩት እኔ ነኝ።

በከተማው አንዲት ጉልት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ አዴ ጫልቱ የምትባል። አዲስ አበባ ሰው ቤት ሠርታ ጥቂት አማርኛ ይዛ ተመልሳለች። ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ትላለች። በሰው ፊት እስቅባት ነበር።

«ጫልቱ፣ አማርኛሽ እኮ እንደ አንካሳ በቅሎ ነው» እላታለሁ።

«አንካሳም ቢሆን ገበያ ያደርሰኛል፣ ኦቦ ደገፋ» ትለኛለች።

ሌንሴ የልጄ የገመቹ ሚስት ናት። ከጂባት ደን ማዶ የመጣች፣ አማርኛ አንድ ቃል የማታውቅ ልጅ። ያን ጊዜ ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። በእኛ ልማድ ምራት አማቷን በስሙ አትጠራም፤ ቀና ብላም አታየውም። ሳልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች። እኔም እሷ ባለችበት ጓዳ አልገባም፤ የሴት ነገር በፊቷ አላነሳም። አንድ ግቢ እየኖርን በመካከላችን የክብር አጥር ነበረ። አጥሩ መልካም ነው፤ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ። ጥፋቱ የአጥሩ አይደለም።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ድንች የሚወጣበት። ገመቹ ድንች ጭኖ አምቦ ወርዷል። ሚስቴ ወንድሟ ሞቶባት ጥቁር እንጭኒ ለቅሶ ላይ ናት። ጠዋት ማሳው ላይ ሌንሴ ድንች ልትለቅም ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ቀና ማለት አቃታት። ፊቷ አመድ መስሏል። አምስት ቀን ሙሉ ሆዷን ይዛ ስትሠራ ከርማ ኖሯል፤ ለማን ትናገር? ፈረሴን አመጣሁ፤ ድንጋይ ላይ ቆማ ወጣች፤ ልጓሙን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ነዳሁ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ አማት ነበርኩ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሠራተኛው ሁሉ ለክትባት ዘመቻ ገጠር ወጥቷል። የቀረችው ሲስተር ሰላማዊት የምትባል፣ ሸነን ከገባች አንድ ወር ያልሞላት ወጣት ናት። ኦሮምኛዋ «አከም» ብሎ ሰላም ከማለት አያልፍም።

«አባቴ፣ አማርኛ ይችላሉ?» አለችኝ።

«ከአንቺ እኩል» አልኳት።

ሳቀችና ወረቀቷን ያዘች። የት ነው የሚያማት አለች፤ ጠየቅሁ፤ ሌንሴ በስተቀኝ ታች ነው አለች፤ አሻገርኩ። ከመቼ ጀምሮ? አምስት ቀን። ያዞራታል? ስትነሳ ያዞራታል። እስከዚህ ድረስ ቃሌ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ሲስተር ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ «የወር አበባዋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?» አለች።

የልጄን ሚስት ይህን ልጠይቅ? እኔ? በዚህ ሽበት? ቃሉን በኦሮምኛ አውቀዋለሁ፤ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ለገዛ ሚስቴ እንኳ አዙሬ ነው የምናገረው። ሲስተር ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። ሌንሴ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ አስተርጓሚው፣ አማርኛ የጠጣሁት፣ አልቻልኩም ማለት ሞቴ ነው።

ወደ ሌንሴ ዞሬ በኦሮምኛ ምን አልኳት መሰለህ? «መጨረሻ እህል የቀመስሽው መቼ ነው ትላለች» አልኳት። ሌንሴ እጇን ወደ አፏ ወስዳ፣ «ከትላንት ወዲያ ትንሽ ገንፎ ቀምሻለሁ» አለች። ወደ ሲስተር ዞርኩና፣ «በጊዜው ይመጣል፤ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሄዷል ትላለች» አልኩ። በጥሩ አማርኛ። ሳልንተባተብ።

«አሁን ደም ይታያታል?» አለች ሲስተር።

ሌንሴን «ያስመልስሻል ወይ?» አልኳት። «የለም» አለች። «የለም ትላለች» አልኩ። አየህ፣ ይኼኛው መልስ ቃል በቃል ነው። የሰረቅሁት ጥያቄውን ነው።

ሲስተር ጻፈች። ጽፋ ግን አልጨረሰችም። ሌንሴን አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዷን ቀስ ብላ ነካካች፤ በስተቀኝ ታች ስትነካት ልጅቷ ትንፋሿ ተቆረጠ። ሲስተር፣ «ይህ የጨጓራ ቦታ አይደለም» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ዘወር ብላ እንዲህ አለችኝ፤

«አባቴ፣ ስለ ወር አበባ ስጠይቃት ለምንድን ነው እጇን ወደ አፏ የወሰደችው?»

ያቺ ልጅ ዓይን አላት! አንዲት ቃል ሳትሰማ፣ እጅ አይታ ያዘችኝ። እኔ ግን እሺ ብዬ የምያዝ መሰለህ?

«የእኛ አገር ሴት ስታፍር እንዲህ ታደርጋለች» አልኩ። ሁለተኛ ውሸት።

«ስታፍርማ ፊቷን ነው የምትሸፍነው። እሱን ከገባች ጀምሮ ሸፍናዋለች» አለች። «እባክዎ ውጭ ይጠብቁኝ።»

«ያለ እኔ ማን ይነግርሻል?»

«እግዜር ሰው አያሳጣኝም» ብላ በሩን ከፈተች፤ ወረፋ ወደያዙት ሰዎች፣ «አማርኛ የምትሰማ ሴት አለች?» ብላ ጮኸች።

«እኔ አለ!» የሚል ድምፅ መጣ። ማን ትሆን? አዴ ጫልቱ። ለሳሏ መድኃኒት ልትወስድ ወረፋ ይዛለች። በአጠገቤ ስታልፍ፣ ሲስተር እንድትሰማ ብላ በአማርኛ፣ «ምነው ኦቦ ደገፋ፣ በቅሎሽ ተሰናከለች?» አለችኝ። ወረፋው ሳቀ። በሩ ተዘጋ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የሌንሴ ድምፅ ይሰማኛል። ቃሉ አይለይም፤ ግን ታወራለች። ሁለት ዓመት ግቢዬ ኖራ ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ያን ሁሉ ነገር በሆዷ ይዛ ነበር ከእኔ ጋር የመጣችው? እኔስ ያን ሁሉ በአንድ ገንፎ ልቀይረው ነበር?

ሲስተር ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሆኗል። የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው አለች። ደም ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ አራት ቀኑ ነው። ሽንቷን መርምሬያለሁ፤ እርጉዝ ናት አለች።

እኔ ሞኙ ልቤ ዘለለ። «ታዲያ እልል በይ እንጂ! ምን ያስጨንቅሻል?» አልኳት።

«አባቴ፣ ፅንስ የሚያድገው ማህፀን ውስጥ ነው። ወደ ማህፀን የሚያደርስ ቀጭን ቱቦ አለ። አንዳንዴ ፅንሱ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሲያድግ ይፈነዳል። ደሙም ወደ ውጭ አይወጣም፤ ወደ ሆዷ ውስጥ ነው የሚፈስሰው። ሰው ሳያይ ታልቃለች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሽንቷ ፅንስ መኖሩን ነው የነገረኝ፤ የት እንዳለ አይነግረኝም። እሱን የሚያሳየው አምቦ ያለው አልትራሳውንድ ነው። እርግጠኛ እስክሆን ቤቷ ትተኛ ብል ግን እርግጠኛ የምሆነው በቀብሯ ቀን ነው።»

እንደዚህ ነው የተናገረችው፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ያን ጊዜ ታናሽ እህቴ ትዝ አለችኝ። እሷም በልጅነታችን ዘመን፣ ባገባች በዓመቷ፣ አዝመራ ላይ ሆዴን ብላ ወድቃ፣ ከንፈሯ እንደ ጥጥ ነጥቶ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሞታለች። ደም አላየንም። ዓይን በላት ተባለ፤ ቀበርናት። በምን እንደሞተች ዛሬም ምስክር የለኝም። ግን ያን ነጭ ከንፈር አውቀዋለሁ፤ ሌንሴንም ስትወጣ አየት አደረግኋት፤ ከንፈሯ ገና ደም ነበረው። ገና ነበረው!

ሲስተር አንድ ነገር ጨመረች። «ሌንሴ ስለ ደም እስከ አሁን ማንም አልጠየቀኝም ነው የምትለው» አለችና ዓይኔን አየችኝ። እኔ ምን አልኩ? «የእሷ ኦሮምኛ የጂባት ማዶ ነው፤ አልተግባባንም ይሆናል» አልኩ። ሦስተኛ ውሸት። የራሴን ነውር ወስጄ አፍ በሌላት ልጅ ምላስ ላይ ለጠፍኩት። ከሦስቱ ይኼ ነው የሚብስብኝ። የመጀመሪያውን ድንጋጤ ነው በል፤ ይኼን ምን ትለዋለህ?

ሲስተር ከእኔ ጋር የምታጠፋው ጊዜ አልነበራትም። ወረቀት ጻፈች፤ የሌንሴ ክንድ ላይ ግሉኮስ ሰካች። ድንች የጫነ አይሱዙ ወደ አምቦ ሊነሳ ነበር፤ ሮጣ መንገድ ላይ ቆመችበት። ሾፌሩ «ሲስተር፣ ሙሉ ነኝ!» ሲላት «ድንቹን አራግፍ እንግዲያ» አለችው። ሌንሴን ጋቢና አስገባናት፤ ጫልቱ ሳሏንም ጉልቷንም ትታ የግሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ከላይ ድንቹ ላይ ወጣሁ። መንገዱ ፒስታ ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔ ላይ አይደለም የሚዘለው፤ እዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ነው እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ጸለይኩ።

አምቦ ደረስን፤ ገመቹንም ከገበያ አስጠራነው። ሐኪሙ የሲስተርን ወረቀት አነበበ፤ ሌንሴን አስተኝቶ በመሣሪያው አያት። እኔና ገመቹ በር ላይ ቆመናል። ወጥቶ በኦሮምኛ ነገረን፤ ማህፀኗ ባዶ ነው፤ በቀኙ ቱቦ ላይ እንደ ባቄላ የምታህል ነገር አለች። ልክ ሲስተር እንዳለችው! ማሽን የላት፣ ኦሮምኛ የላት፣ ከሽንትና ከእጅ ምልክት ተነስታ ልክ እዚያው ቦታ ላይ ጣቷን አስቀምጣለች።

አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ተባለ፤ ገመቹ ፈረመ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪሙ ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ ወጣ። እየሳቀ ነበር። «አልፈነዳም!» አለ። «ተወጥሮ ደረስንበት። የግራው ቱቦ ደህና ነው፤ ትወልዳለች።» ገመቹ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጫልቱ እልል ስትል አስታማሚው ሁሉ፣ ማን እንደዳነ እንኳ ሳያውቅ፣ አብሮ እልል አለ። እንዲያ ያለ እልልታ በሠርግም አልሰማሁ።

ከዚያ ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ብዙዎቹ ከፈነዳ በኋላ ነው የሚደርሱን። ይህን ሁሉ እንዲህ አጥርቶ የጠየቃት ማነው?» አለ።

ገመቹ፣ «አባቴ ነው ያስተረጎመላት! የአገሩ አስተርጓሚ እሱ ነው» ብሎ ጉልበቴ ላይ ወድቆ ሳመኝ። ሐኪሙ እጄን ጨበጠኝ።

እኔ ምን አልኩ? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። በእግዚአብሔር ስም ሰረቅሁ። ጫልቱ ባዶውን ጠርሙስ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር አልቆ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሌንሴ ሄደች።

ከዚያ በኋላ «ደገፋ ምራቱን በአማርኛው አዳናት» ተብሎ በየድግሱ ተወራልኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጸሎት ቤት ቆሜ «ጌታ ምላሴን ተጠቀመበት» ብዬ መሰከርኩ። ሌንሴ በግራው ቱቦ ሴት ወለደች፤ ቀጥላም ወንድ። ልጆቹ አያታችን እናታችንን አዳነ ይላሉ። ሲስተር ሰላማዊት ወደ ሌላ አገር ተዛወረች፤ ምስጋናዋን ማን እንደወሰደባት አታውቅም። ሌንሴ ታውቅ ይሆን? ያን ዕለት በጫልቱ አፍ ስትጠየቅ፣ እኔ የጠየቅኋት ሌላ እንደነበር ገብቷት ይሆናል። አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ባህል ነው ያሳሳተኝ አልልህም። ባህሉ «አትጠይቅ» ይላል እንጂ «ዋሽ» አይልም። «ይህን እኔ አልጠይቅም፤ ሴት ጥሪ» ማለት እችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ አማርኛውም አልጠፋኝም። የጠፋኝ አልችልም የምትለው ቃል ናት። ሌንሴ፣ በአፍሽ ዋሽቻለሁ፤ ማሪኝ። ሲስተር፣ የትም ሁኚ የት፣ ያዳንሻት አንቺ ነሽ። ጫልቱ፣ ሳትምሪኝ ብትቀሪ አልፈርድብሽም።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ነግሬህ ላብቃ። ከጥፋቴ ይቀነስልኝ ብዬ አይደለም፤ የሆነ ስለሆነ ነው። ሌንሴን ለገመቹ ትቼ፣ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና ከጫልቱ ጋር ወደ ሸነን ተመለስኩ። ረፋድ ላይ ጤና ጣቢያው ስንገባ ሲስተር ከሩቅ አይታን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አልፈነዳም!» አልኳት። «አልፈነዳም?» አለች፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው፤ ከዚያ ወረፋው ፊት እንደ ሕፃን እየዘለለች ጫልቱን አቀፈቻት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።

ዘመቻው ገና ስላላለቀ ሲስተር ያን ቀንም ብቻዋን ነበረች። ወረፋው ውስጥ አንድ ሰው ሚስቱን ይዞ፣ «ኦቦ ደገፋ፣ እንኳን መጣህ፤ ግባና አስተርጉምልን» አለኝ። ሲስተርም ወደ እኔ አየች። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሴት ስትታመም የምትገባው ጫልቱ ናት። እኔ ለዚህ አልሆንም» አልኩ። ጫልቱ በኦሮምኛ፣ «ጉልቴን ማን ይጠብቅልኛል? ትላንትም ትቼው ነው የሄድኩት» አለች።

ወደ ገበያው ወረድኩ። ጎረቤቶቿ ሽንኩርቷን ጆንያ አልብሰው አቆይተውላታል። ጆንያውን ገለጥኩ፤ ጋቢዬን አጥፌ ድንጋዩ ላይ አነጠፍኩ፤ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ መጡ።

«ደገፋ! ምን ነካህ? የአገሩ አስተርጓሚ ሽንኩርት ላይ?»

«ባለቤቷ ሥራ ላይ ናት» አልኳቸውና፣ «ሽንኩርት!» ብዬ በሁለቱም ቋንቋ ጮህኩ።